ለካሜራ የሚሰቀል ባንዲራ

ስለ ዩክሬን ጦርነት ወሬ በተነሣበት ሁሉ አንድ እምነት አይቀርም። ሩሲያን የሚደግፈውም፣ ዩክሬንን የሚደግፈውም፣ ከሁለቱም ያልወገነውም እኩል ይጋራዋል፦ «ይህ ጦርነት እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁሉ ነገር እየተቀረጸ ስለሆነ የሚደበቅ የለም።» ድሮኑ ከላይ ያያል፤ ወታደሩ የራስ ቁሩ ላይ ካሜራ አስሯል፤ ሳተላይቱ ያነሣል፤ ካርታው በየማታው ይታደሳል። ስለዚህ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ለማወቅ ስልክ መክፈት ይበቃል ይባላል።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ጦርነቱ እንዲህ በብዛት መቀረጹ ፕሮፓጋንዳን አረቀቀው እንጂ አልገደለውም። ድሮ ውሸት መፍጠር ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ከእውነተኛው ምስል የሚፈልጉትን መርጦ ማሳየት ብቻ ይበቃል። ከዚህም የባሰ ነገር መጥቷል። ምስሉ ስለ ውጊያው መናገሩን ትቶ ውጊያውን ማዘዝ ጀምሯል። ለቪዲዮ ሲባል ሰው ይላካል፤ ለቪዲዮ ሲባል ሰው ይሞታል።

ኩፒያንስክ በካርኪቭ ክልል፣ በኦስኪል ወንዝ ዳር ያለች የባቡር መገናኛ ከተማ ናት። ኖቬምበር 20 ቀን 2025 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሩሲያ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ቫለሪ ጌራሲሞቭ ከተማዋ በእጃችን ገብታለች ብለው ለፕሬዚዳንት ፑቲን ሪፖርት አደረጉ። ዜናው በዚያው ቀን ዓለምን ዞረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 12፣ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ በዚያችው ከተማ መግቢያ፣ ስሟ ከተጻፈበት ሐውልት ፊት ቆመው ራሳቸውን ቀርጸው ለቀቁ። ዩክሬኖች ከተማዋ ውስጥ የነበሩትን የሩሲያ ወታደሮች ከደጀናቸው ቆርጠው እያጸዱ እንደነበርም በዚያው ሰሞን ተነገረ።

እንዲህ ያለ ሪፖርት ከየት ይመጣል? አሠራሩ ከታች ይጀምራል። ሁለት ወይም ሦስት ወታደሮች ጭጋግ ተገን አድርገው፣ በፈረሱ ቤቶች መካከል እየተሽሎኮለኩ አንድ መንደር ውስጥ ይገባሉ። የያዙትን ባንዲራ ዘርግተው ወደ ሰማይ ያሳያሉ፤ የራሳቸው ድሮን ከላይ ሆኖ ይቀርጻል። ቪዲዮው ወደ ሻለቃው፣ ከሻለቃው ወደ ብርጌዱ፣ ከብርጌዱ ወደ ሠራዊቱ ይወጣል፤ በየደረጃው ያለው አዛዥ ከአለቃው የሚጠበቅበትን ያውቃልና «ያዝን» ይላል። ባንዲራ ሲዘረጉ የራሳቸው ድሮን ካያቸው የጠላትም ድሮን አይቷቸዋል። ቪዲዮው በየስልኩ ሲዳረስ እነዚያ ልጆች በሕይወት ስለመኖራቸው የሚጠይቅ የለም።

ይህን የሚናገሩት ዩክሬኖች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የጠላት ወሬ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ጦርነቱን በሙሉ ልባቸው የሚደግፉ የሩሲያ ወታደራዊ ብሎገሮች ናቸው በምሬት ሲጽፉት የኖሩት። እንዲህ ያለውን መንደር «በዱቤ የተያዘ» ይሉታል። አዛዡ ድሉን አስቀድሞ ለአለቃው ይሸጣል፤ ዕዳውን ግን የሚከፍለው እግረኛው ነው። ምክንያቱም መንደሩ በካርታ ላይ የእኛ ከሆነ መድፍ አይተኮስበትም፣ አውሮፕላን አይላክለትም። «ይዘነዋል» የተባለውን ቦታ በእውነት ለመያዝ ልጆቹ ያለ ድጋፍ እንዲገቡ ይታዘዛሉ። በ2024 መጨረሻ በሲቨርስክ አካባቢ ስለ ሐሰተኛ ሪፖርቶች ብሎገሮቹ አደባባይ ወጥተው ሲጮሁ የደቡቡ ጦር አዛዥ ከቦታቸው ተነሥተዋል። ከዓመት በኋላ ግን ያው አሠራር ኩፒያንስክ ላይ፣ ያውም በጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ አንደበት ተደገመ።

የዘለንስኪ ቪዲዮም ቢሆን በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። በከተማ መግቢያ ላይ መቆም መግቢያው በእጅህ መሆኑን ያሳያል፤ መሃል ከተማው ምን እንደሚመስል አያሳይም። የጌራሲሞቭን ቃል ግን አፍርሶታል፤ እውነቱ እዚያ ድረስ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ይህ የወታደሮች የውስጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጌራሲሞቭ ሪፖርቱን ባቀረቡበት ሰሞን የአሜሪካ መንግሥት ያዘጋጀው ባለ 28 ነጥብ የሰላም ዕቅድ ይፋ ወጥቶ ነበር፤ ዕቅዱ ዩክሬን በጦርነት ያልተነጠቀችውን የዶኔትስክ ክልል ቀሪ ክፍል ለቅቃ እንድትወጣ ይጠይቅ ነበር። «ዛሬ ባትሰጡን ነገ እንወስደዋለን» የሚለው የድርድር ቃል ክብደት የሚያገኘው «ከተማ በከተማ ላይ እየወደቀ ነው» የሚለው ወሬ ሲታመን ነው። ስለዚህ ያልተያዘ ከተማ ተያዘ ማለት ተራ ጉራ አይደለም፤ በጥይት ያልተገኘን መሬት በጠረጴዛ ለማግኘት የሚከፈል ቀብድ ነው። በማርች 2025ም በሩሲያ ግዛት በኩርስክ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ የዩክሬን ወታደሮች ሙሉ በሙሉ ተከበዋል ተብሎ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ራሳቸው ወሬውን አስተጋቡት። ዩክሬኖቹ በእርግጥ በዚያ ያለችውን የሱድዣ ከተማ ለቅቀው እየወጡ ነበር፤ ማፈግፈጉም አስከፊ ነበር፤ ሺዎች የገቡበት ከበባ ግን አልነበረም።

ወደ ካርታው ልመለስ። ካርታውን የሚሠሩትን አልወቅስም፤ ከነሱ መካከል ዲፕስቴት የተባለው የዩክሬን ቡድን የራሱን ወገን ሽንፈት ደፍሮ በማስፈር የታወቀ ነው። ችግሩ ያለው ካርታውን እንደ ኳስ ውጤት በምናነበው በእኛ ላይ ነው። ቀዩ ወደ ምዕራብ ገፋ ማለት ሩሲያ አሸነፈች፣ ሰማያዊው ወደ ምሥራቅ ተመለሰ ማለት ዩክሬን አንሠራራች እንላለን። መሬት ላይ ግን መስመር የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። ከሁለቱም ወገን ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚገባ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚመታበት ሰፊ የሞት ቀጠና አለ። በዚያ ውስጥ የሁለቱም ወገን ልጆች በየጉድጓዱ ተበታትነው ይኖራሉ፤ አንዳንዴ የሩሲያው ወታደር ያለበት ምድር ቤት ከዩክሬኑ ምሽግ ኋላ ይገኛል። ይህን ቀለም መቀባት አይቻልም።

ካርታው ላይ የሚታየውም ቢሆን በልኩ አይነገረንም። በ2024ም ሆነ በ2025 ሩሲያ በየዓመቱ የያዘችው አዲስ መሬት ከዩክሬን ጠቅላላ ስፋት አንድ በመቶ አይሞላም። በእነዚያው ሁለት ዓመታት በየሳምንቱ «ግንባሩ ተደረመሰ» የሚል ርእስ ያልወጣበት ጊዜ አልነበረም። ፖክሮቭስክ ከጦርነቱ በፊት 60 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች። በ2024 በጋ «በቀናት ውስጥ ትወድቃለች» ተባለ፤ ሩሲያ ያዝኳት ያለችው ዲሴምበር 1 ቀን 2025 ነው። በመካከል ያለፈው ከዓመት በላይ የሆነ ጊዜ በወሬው ውስጥ የለም። ያ ጊዜ ግን ጦርነቱ ራሱ ነው።

እዚያ አካባቢ አንድ እግረኛ ወደ ምሽጉ እንዴት እንደሚገባ ላስረዳ። መኪና ግንባሩ ድረስ አይሄድም፤ ከ10 ወይም ከ15 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አውርዷቸው ይመለሳል። ወደ ግንባር በሚወስዱት መንገዶች ላይ ድሮን እንዲጠልፍ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ከምሰሶ ምሰሶ ተወጥሯል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሆነው በእግር ነው። የሚጸልዩት ለጭጋግና ለዝናብ ነው፤ የጠራ ሰማይ ያስፈራቸዋል። ድሮኖች እየጎተቱ ያለፉት ቀጭን የፋይበር ኦፕቲክ ክር ማሳውንና ቁጥቋጦውን ሸፍኖታል፤ በክር የሚመራ ድሮን በሬዲዮ ስለማይታዘዝ ሞገድ በማወክ አይቆምም። ከደረሱ የሚጠብቃቸው በግንድ የተሸፈነ ጉድጓድ ወይም የፈረሰ ቤት ምድር ቤት ነው። ውኃ፣ ምግብና ባትሪ ከሰማይ በድሮን ይጣልላቸዋል፤ ሳይመታ ከደረሰ። «ለጥቂት ቀን» ተብለው የገቡ ሰዎች ሳምንታትን፣ አልፎም ወራትን ያሳልፋሉ፤ የሚተካቸው ሰው መግባት አይችልምና።

ቁስለኛስ? ሐኪሞች ደም እንዳይፈስ እግር ወይም ክንድ ላይ የሚጠበቀው ማሰሪያ ከሁለት ሰዓት ገደማ በላይ መቆየት እንደሌለበት ያስተምራሉ። በዚያ ቀጠና ግን ቁስለኛን ለማውጣት ጨለማ መጠበቅ፣ ከዚያ ጭጋግ መጠበቅ፣ ከዚያ የሚሸከሙ አራት ሰዎች መገኘት አለባቸው፤ አራት ሰው ሲንቀሳቀስ ደግሞ አራት ዒላማ ነው። ማሰሪያው እንደ ጠበቀ ሰዓታት ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ቀን ያልፋል። ሊድን ይችል የነበረ እግር ይቆረጣል። ሰው ሊደርስ ባልቻለበት ቦታ ጎማ ያለው ሮቦት ቁስለኛውን ጭኖ እንዲያወጣ እየተሞከረ ነው። ይህን ሁሉ በቪዲዮ ያያችሁት ስንት ጊዜ ነው?

የምናየው ምን እንደሆነ ደግሞ አስቡት። ድሮኑ ይወርዳል፣ ሰውየው ቀና ይላል፣ ምስሉ ይቋረጣል፤ ከኋላው ሙዚቃ አለ። ያንን ቪዲዮ የለቀቀው የብርጌዱ የኮሙኒኬሽን ክፍል ነው፤ ለቀጣዩ ድሮን መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ይጠቀምበታል። በዩክሬን በኩል የድሮን ክፍሎች የመቱትን ዒላማ በቪዲዮ አስመዝግበው ነጥብ የሚያገኙበት፣ በነጥቡም መሣሪያ የሚመርጡበት መንግሥታዊ አሠራር አለ። አሠራሩ የገባበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ ጥሩ ለሚሠራ ክፍል ብዙ መሣሪያ ይድረሰው ነው ሐሳቡ። ግን ውጤቱን እንይ። ዒላማውን የሳተው ድሮን፣ በመሃል መንገድ ምልክቱ የተቋረጠበት፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው፣ ወርዶ ያልፈነዳው አይለቀቅም። ከተላኩት ብዙዎቹ ደግሞ እንዲህ ናቸው። የተመረጠውን ብቻ የሚያይ ሰው አንድ ድሮን ማለት አንድ ሰው ማለት ይመስለዋል። ከዚያም «እግረኛ ዘመኑ አለፈ» ይላል። እግረኛ ዘመኑ ቢያልፍ ኖሮ ሁለቱም መንግሥታት ሰው ፍለጋ እንዲህ ባልተጨነቁ ነበር። ሩሲያ በጁላይ 2024 በሞስኮ ለሚፈርም ሰው የ1.9 ሚሊዮን ሩብል ጉርሻ አቅርባለች፤ ዩክሬን በኤፕሪል 2024 የምልመላ ዕድሜን ከ27 ወደ 25 አውርዳለች፤ ከክፍላቸው በጠፉ ወታደሮች ላይ የተከፈቱ ክሶችም ከመቶ ሺህ አልፈዋል። ጦርነቱን የሚወስነው ይህ ነው፦ የቀረው ሰው ብዛት፣ የሰውየው ድካም፣ የሚተካው ሰው መኖር አለመኖሩ። ካሜራ ድካምን አይቀርጽም።

ዩክሬንን የሚደግፉ ወዳጆቼ እስካሁን ያልኩትን በደስታ አንብበው ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ እንድንለያይ ግድ ነው። በጁን 2023 መጀመሪያ የዩክሬን መከላከያ ሚኒስቴር ወታደሮች ተራ በተራ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ዝም» የሚሉበት፣ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ቪዲዮ ለቀቀ። የታላቁ መልሶ ማጥቃት ማስታወቂያ ነበር። ምዕራባውያኑ ቴሌቪዥኖች ስለ ሌኦፓርድ ታንክ ሲያወሩ ከረሙ፤ ጦሩ እስከ አዞቭ ባሕር ይደርሳል ተባለ። በጁን ሁለተኛ ሳምንት ሌኦፓርዶችና ብራድሌ የተባሉ የአሜሪካ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ማላ ቶክማችካ አጠገብ ፈንጂ ሜዳ ውስጥ ተደራርበው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ጥቃቱ በደረታቸው እየተሳቡ ፈንጂ በእጅ የሚያመክኑ ሰዎች ጉዞ ሆነ። በኦገስት መጨረሻ የተያዘችው ሮቦቲኔ የምትባል መንደር ነበረች። ባሕሩ ገና ሩቅ ነበር።

በኖቬምበር 2023 የዩክሬን ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ቫለሪ ዛሉዥኒ በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ እውነቱን ተናገሩ፤ ውጊያው ባለበት ቆሟል፣ ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን እንቅስቃሴ ሁሉ ስለምናይ በቀላሉ ሰብሮ መግባት አይኖርም አሉ። ምላሹ ምን ነበር? የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ባለሥልጣን እንዲህ ያለ ነገር አደባባይ ላይ አይነገርም ብለው ነቀፏቸው፤ ፕሬዚዳንቱም ጦርነቱ ባለበት አልቆመም አሉ። በፌብሩዋሪ 2024 ዛሉዥኒ ከሥልጣናቸው ተነሡ። የመነሣታቸው ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ጦር በራሱ ማስታወቂያ ተማርኮ ከቆየ በኋላ ልኩን የሚነግረው አዛዥ እንደ ጨለምተኛ መታየቱ አይቀርም።

ባኽሙትም እንዲሁ። ከ70 ሺህ በላይ ሰው የነበራት፣ በወይን ጠጅዋና በጨው ማዕድን አካባቢነቷ የምትታወቅ ከተማ ነበረች። ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ዘለንስኪ ዋሽንግተን ሄደው በባኽሙት ተዋጊዎች የተፈረመበትን ባንዲራ ለአሜሪካ ምክር ቤት ሰጡ። ንግግራቸው አዳራሹን አስነሣ፤ እርዳታም አመጣ። ያ ባንዲራ እዚያ ከተሰጠ በኋላ ግን ከባኽሙት ለቀን እንውጣ የሚል ትእዛዝ የሚያወጣ አዛዥ ከየት ይገኛል? በማርች 2023 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን የከተማዋ ፋይዳ ከወታደራዊነቱ ይልቅ ምሳሌያዊነቱ እንደሚያመዝን ተናግረው ነበር። ዩክሬኖች የሚያቀርቡት መልስ ቀላል አይደለም፤ እዚያ ባንዋጋቸው ኖሮ ቀጣዩ ከተማ ላይ እንዋጋቸው ነበር፣ ቫግነር የተባለውን የሩሲያ ቅጥር ጦርም የፈጀነው እዚያ ነው ይላሉ። የቫግነሩ አለቃ ፕሪጎዢን ራሱ በሜይ 2023 ሃያ ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተበት፣ ግማሾቹ ከእስር ቤት የመጡ እንደሆኑ ተናግሯል። ግን የእስረኛን ነፍስ በሠለጠነ ወታደር ነፍስ መለወጥ ለማን ይጠቅማል? ይህን ስሌት የሠራ ሰው ከሁለት ወገን አንዱ ብቻ ይመስለኛል፣ እሱም ሞስኮ ነው።

ቁጥርን በተመለከተ ሁለት ሌሊቶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። በ2023 አዲስ ዓመት ሌሊት የዩክሬን ሮኬቶች ሩሲያ በያዘቻት ማኪቭካ ውስጥ አዲስ የሩሲያ ምልምሎች ያደሩበትን ትምህርት ቤት መቱ። ዩክሬን 400 ያህል ገደልን አለች፤ ሩሲያ 63 አለች፣ ቀጥሎ 89 አደረገችው፤ ጥፋቱንም ስልክ በተጠቀሙት በሟቾቹ ላይ ጣለች። ከሳምንት በኋላ ሩሲያ ብድሬን መልሼ ክራማቶርስክ ውስጥ ከ600 በላይ ወታደር ገድያለሁ አለች። ጋዜጠኞች ሄደው አዩ፦ መስኮት የረገፈባቸው ማደሪያ ቤቶች ነበሩ፤ አስከሬንም ደምም የለም። በዚያው ዓመት ጁን የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ሌኦፓርድ ታንክ ሲመታ ያሳያል ያለው ቪዲዮ የእርሻ ማሽን ሆኖ ተገኘ፤ ቪዲዮው የሐሰት አልነበረም፣ ማሽኑም በእርግጥ ተመትቷል፤ የተባለው ነገር ግን አልነበረም።

«እንግዲያው ሁለቱም ይዋሻሉ፤ ምንም ማወቅ አይቻልም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህኛው አስተሳሰብ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ጥበብ የሚመስል ስንፍና ነው፤ ለበዳዩም ከውሸት ይበልጥ ይጠቅመዋል። «የኪየቭ መንፈስ» የተባለው ተዋጊ አብራሪ ተረት ነበር፤ የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ በኤፕሪል 2022 መጨረሻ አመነ። በእባብ ደሴት ሁሉም ሞቱ የተባሉት የዩክሬን ጠባቂዎች ተማርከው በሕይወት ተገኙ፤ ይህንንም ዩክሬን አመነች። በኪየቭ አጠገብ ያለችው የቡቻ ከተማ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በየመንገዱ የተገደሉት ሲቪሎች ሲገኙ ሞስኮ ድራማ ነው አለች፤ ሬሳዎቹ የሩሲያ ጦር ከተማውን ይዞ በነበረበት በማርች ወር እዚያው መንገድ ላይ እንደነበሩ የሳተላይት ምስል አሳየ። በማሪዮፖል የወሊድ ሆስፒታል ሲመታ በለንደን የሩሲያ ኤምባሲ የተጎዳችውን ነፍሰ ጡር ተዋናይ ናት አለ። የራስን ሰው ለማጽናናት የተወራ ተረትና ግድያን የሚሸፍን ክህደት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ድንበር ጥሶ የገባው ማን እንደሆነም አከራካሪ አይደለም። በሩሲያ ደግሞ ከማርች 4 ቀን 2022 ጀምሮ ስለ ጦሩ «ሐሰት» የተናገረ እስከ 15 ዓመት ይታሰራል፤ በኪየቭ ዛሉዥኒ ተነቀፉ እንጂ አልታሰሩም።

ማወቅ እንደሚቻል ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየኝ ሜዲያዞና የተባለው ነጻ የሩሲያ የዜና ድረ ገጽና የቢቢሲ የሩሲያኛ ክፍል ሥራ ነው። የሩሲያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው በሴፕቴምበር 2022 ነው፤ የያኔው መከላከያ ሚኒስትር ሰርጌይ ሾይጉ 5,937 አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ዝምታ ነው። እነዚህ ጋዜጠኞች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው የመንደር የሐዘን ማስታወቂያ ያነባሉ፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሟች ስም ይመዘግባሉ፤ በየመካነ መቃብሩ አዲስ የተተከለ መስቀል ላይ ያለውን ስም ይጽፋሉ። በ2025 በስም የመዘገቧቸው ከመቶ ሺህ አለፉ። ዘለንስኪም በፌብሩዋሪ 2024 ሠላሳ አንድ ሺህ፣ በዲሴምበር 2024 አርባ ሦስት ሺህ ወታደር ሞቷል ብለዋል፤ ከሐዘን ማስታወቂያ የሚቆጥሩ ሰዎች የሚያገኙት ግን ከዚህ ይበልጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለን እንጽናናለን። ይህኛው እውነት የሚጠራው በመቃብር ቆጠራ ነው፤ በየስልኩ ላይ ያለው ድሮን ግን አንድም ስም አልነገረንም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ካለ፣ በኤፕሪል 2022 አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ የተሰለፉትን ሰዎች ያስታውስ። ከመካከላቸው የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ ለሩሲያ ለመዋጋት ለመመዝገብ መጥተው ነበር። ኤምባሲው ተዋጊ አልመለምልም ብሎ መግለጫ አወጣ። ሰልፉ ግን የተፈጠረው ከመሬት አልነበረም። ሥራ ማጣት ነበረበት፤ ተገኝቶ የማያውቅ የገንዘብ ወሬ ነበረበት፤ በአማርኛ ተተርጉሞ በየቀኑ የሚቀርብ «ሩሲያ ጠራርጋ እየገባች ነው» የሚል ትረካም ነበረበት። ያሸነፈ ጦር ውስጥ መቀጠር አደጋ አይመስልም። ከዚያ ወዲህ ከኬንያ፣ ከካሜሩን፣ ከደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወጣቶች ታሪክ ወጥቷል፤ የጥበቃ ወይም የሹፌር ሥራ ተብለው ሄደው ምሽግ ውስጥ ራሳቸውን ያገኙ አሉ። በኖቬምበር 2025 የዩክሬን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከ36 የአፍሪካ አገሮች የመጡ 1,436 ሰዎች በሩሲያ ጦር ውስጥ እንዳሉ ተለይተዋል ብለዋል። ቁጥሩ የተዋጊ ወገን ቁጥር ነውና በዚያው ልክ ይያዝ፤ ልጆቻቸው እንዲመለሱላቸው የየአገራቸውን መንግሥት የሚማጸኑ ቤተሰቦች መኖራቸው ግን የማንም ፕሮፓጋንዳ አይደለም።

እኛ ደግሞ ለዚህ ትረካ እንግዳ አይደለንም። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ስንዋጋ ባድመ ተያዘች ሲባል አደባባይ ወጥተን ጨፍረናል። ኤርትራ 19 ሺህ ሞተውብኛል ብላ ይፋ አደረገች፤ በእኛ በኩል ስንት ልጅ እንደቀረ በይፋ የተነገረ ድምር እስከ ዛሬ የለም። የከተማዋን ስም የሚያውቅ ትውልድ የሟቹን ቁጥር አያውቅም። ይህን ያየ ሕዝብ የሌላ አገር ጄኔራል «ያዝን» ሲል ቃሉን እንደ ወረደ ለምን ይቀበላል?

ስለዚህ ጥያቄዬ በአማርኛ የጦርነት ትንታኔ ለሚያቀርቡ ባልደረቦቼ ነው፤ አድማጫችሁ በመቶ ሺዎች ነው፣ በአገር ቤትም፣ በዓረብ አገርም፣ በአሜሪካም። ነገ ማታ አንዲት ከተማ ወደቀች ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ማን እንዳለው በስም ጥሩ። ሌላኛው ወገን ምን እንዳለ ጨምሩ። የምታሳዩትን ቪዲዮ ማን ቀርጾ ማን እንደለቀቀው ተናገሩ። ከተማዋን ለመያዝ ስንት ወር እንደፈጀ ቁጠሩ፤ ወሩ በይፋ የሚታወቅ ነገር ነው። የሞተው ሰው ብዛት ካልተነገረም፣ አልተነገረም በሉ፤ ያልተናገረውን መንግሥት ስም ጨምራችሁ።